ስደርስ ወሬው ይቆማል

«ሰላም እትዬ። ዕድሜዬ 26 ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተከራይቼ እኖራለሁ። እዚሁ ከከተማው ጫፍ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ አራት ዓመት ኦፕሬተር ነበርኩ። ከሁለት ወር በፊት የላይን ሱፐርቫይዘር አደረጉኝ። 32 ልጆች በሥሬ አሉ። አብዛኞቹ ትናንት አብረውኝ ምሳ ሲበሉ የነበሩ ናቸው፤ አንዷ እንዲያውም አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ናት። አሁን ስደርስ ወሬው ይቆማል። በሁለት ወር ውስጥ ታርጌት የመታንበት ቀን አምስት አይሞላም። ማናጀሩ ‹ካልጮህሽ አይፈሩሽም› ይለኛል። ጮሄም አየሁት፤ ይባስ ዝም አሉ። ኮሌታ የምትገጥም አንዲት ልጅ አለች። ከገጠር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። እጇ ወርቅ ነው፤ ግን ትንሽ ከተናገርኳት ታለቅሳለች። ስለ መሪነት ዩቲዩብ ላይ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ራዕይ ይኑርሽ፣ በራስሽ ተማመኚ ይላሉ። እኔን ያሠለጠነችኝ ሱፐርቫይዘር ግን እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ሆኖም ለእሷ ስንል ነበር የምንሠራው። እንደሷ መሆን እፈልጋለሁ። እንዴት እንደዚያ እንደሆነች ግን አላውቅም። ካልቻልኩ ወደ ማሽኔ ልመለስ? — ግራ የገባት፣ ከቱሉ ዲምቱ»

ውድ ግራ የገባት፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያቆመኝ «ስደርስ ወሬው ይቆማል» ያልሽው ነው። ታርጌቱም፣ የኮሌታዋም ልጅ፣ ማናጀሩም እዚያች ውስጥ አሉ።

መጀመሪያ ዝምታውን ለይው፤ ሁለት ዓይነት ነው። ስለ ወንድ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ማናጀሩ አረማመድ እያወሩ አንቺ ስትደርሺ ዝም ካሉ ተያቸው። አለቃ ሆነሻል። ሠራተኛ አለቃውን የሚያማበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ አንቺም ትናንት ስታሚ ነበር። እንደ ድሮው መሃላቸው ገብቼ ልሳቅ ካልሽ ሳቁ ይቀዘቅዛል እንጂ አንቺ አይሞቅሽም።

የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። መርፌ ተሰብሮ ስባሪው ሲጠፋ ዝም። የኤም ልክ እጅጌ ከኤል ልክ ገላ ጋር ሲሰፋ ዝም። ክር እየተበጠሰ ሃያ ሸሚዝ ሲበላሽ ዝም። ከዚያ ማታ የጥራት ተቆጣጣሪው፣ ኪውሲ የምትሉት፣ ይዞት ይመጣል፤ አንቺም ከሰው ሁሉ በኋላ ትሰሚያለሽ።

ጥሩ መሪ በምን ይታወቃል ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ እኔ የማየው አንድ ነገር ነው። ክፉ ወሬ ቀድሞ ለማን ይደርሳል? የተሳሳተችው ልጅ ራሷ ተነስታ ወደ አለቃዋ ከሄደች፣ እዚያ መሪ አለ። ደብቃው ሌላ ሰው ካገኘው፣ እዚያ ያለው ዘበኛ ነው። ራዕይ ምናምን የሚሉት ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ባይመጣም ሸሚዙ ይሰፋል።

እኔ ይህን የተማርኩት ጨርቅ አበላሽቼ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ አቃቂ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ። 19 ዓመቴ ነበር። ሽመና ክፍል መደቡኝ። እዚያ የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል፤ ሰው የሚግባባው በከንፈርና በእጅ ነው። አንድ ሌሊት ለማግ የሚሆን ክር ሳመጣ ከሌላ ቁጥር ክር ጋር ቀላቀልኩት። ትንሽ ወፈር ያለ ነበር። ጨርቁ ላይ መስመር እየሠራ ሄደ። ልብ ስለው ወደ 40 ሜትር ተሸምኗል። ጉልበቴ ከዳኝ። ስንት ወር ደሞዜ እንደሚቆረጥ ማስላት ጀመርኩ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ጠቅልዬ ዝም ልል ነበር። ግን የሽፍት መሪያችን አንድ ልማድ ነበራቸው። ሌሊት ሲዞሩ በየማሽኑ ቆመው «ምን አስቸገረ?» ይላሉ። መልስ ሳይሰሙ አይሄዱም። «ምንም» ካልናቸው «አንድ እንኳ?» ብለው ይቆማሉ። እሳቸው ቆመው ከሚጠብቁ አንድ ነገር ፈልጎ መናገር ይቀላል። ያን ሌሊትም መጡ። ነገርኳቸው።

መጀመሪያ የጠየቁኝ «መቼ አየሽው?» ብለው ነው። «አሁን» አልኩ። «ጥሩ፤ ማሽኑን አቁሚው» አሉ። በቃ። ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ መጥቶ «ማነው?» ሲል «በእኔ ሽፍት ነው የተበላሸው» አሉት። ስሜን አላነሱም። ኃላፊው ሲሄድ ግን አልለቀቁኝም። ከሁለቱም ክር ቁራጭ ቁራጭ ወስደው ጥቁር ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስተኙት። መጀመሪያ በዓይኔ፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እንድለይ አደረጉኝ። ስሳሳት እንደገና። ስሳሳት እንደገና። ሰርቪሱ ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ የሠሩ ሽማግሌ ከእኔ ጋር እስከ ቃሊቲ በእግራቸው መጡ። ከዚያ ወዲህ ክር ተሳስቼ አላውቅም።

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ሁሉም የሚወዱት መሃሉን ነው፤ ስሜን አለማንሳታቸውን። የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት ግን ማንም አያስታውሳትም። እሷ ባትኖር ኖሮ ሰውዬው ደግ ነበሩ፣ እኔም በሳምንቱ ክር ቀላቅዬ እገኝ ነበር።

አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልንገርሽ። ከዓመታት በኋላ እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ቦታው ለእኔ ተሰጠ። እንደሳቸው እሆናለሁ ብዬ ማልኩ። ሦስት ወር አልቆየሁም። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር በላኝ። ስዞር «ምን አስቸገረ?» ማለት ተውኩና «ስንት ደረሰ?» ማለት ጀመርኩ። አንድ ሌሊት አንዲት ልጅ ጣቷን ማሽኑ ቆረጣት። በነጠላዋ ጫፍ አስራው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠራች። እኔ ያወቅሁት ጨርቁ ላይ ጠብታ ሳይ ነው። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? «ስንት ሜትር ነካ?»

እስካሁን ይመጣብኛል። ልጅቷ ከቁስሏ ይልቅ የፈራችው እኔን ነበር። እና ያን ወር የእኔ ሽፍት ቁጥር ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ይህንንም እወቂው፤ ጩኸት አንዳንዴ ቁጥር ያመጣል። ማናጀርሽ ሙሉ በሙሉ ውሸታም አይደለም። ምን ያህል እንደሚያስከፍል ግን እሱ አያየውም፤ የምትከፍለው ሌላ ሰው ናት።

ወደ ታርጌቱ ልምጣ። እዚህ ላይ እንባ ትተሽ ሂሳብ ያዢ።

ነገ ጠዋት ላይንሽን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂጂና ሥራ የተከመረው የት ጋ እንደሆነ እዪ። ማንንም አትናገሪ፤ ክምሩን ብቻ እዪ። ኮሌታ ጋ ነው ብዬ ብወራረድ አልሸነፍም። ኮሌታ መግጠም 60 ሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ ሌላው ሥራ ሁሉ 40 ሰከንድ። በአንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ አለ። 40 ሰከንድ የሚፈጀው ማሽን በሰዓት 90 ያወጣል። ኮሌታዋ 60 ታወጣለች። ከላይንሽ ጫፍ የሚወጣው እንግዲህ 60 ነው፤ ሌሎቹ ቢበሩም ባይበሩም። አንቺ ስትጮሂ እነዚያ ይፈጥናሉ። ሲፈጥኑ ምን ይሆናል? ኮሌታዋ ልጅ ፊት ያለው ክምር ያድጋል።

አሁን የምታለቅሰዋን ልጅ እንደገና እዪያት። እኔ ሆዷ ስለባባ አይመስለኝም። ተራራ ፊቷ ተከምሮ፣ 31 ሰው እሷን እየጠበቀ፣ ከላይ ደግሞ አንቺ መጥተሽ «ፍጠኚ» ስትያት ነው። እኔም ብሆን አለቅሳለሁ።

ስልክሽ ላይ ሰዓት ቁጠሪ። አሥር ኮሌታ ስትገጥም ጠብቂና ለአሥር አካፍይው። ግን ሳትነግሪያት እንዳታደርጊው! ሰው ራሱ ላይ ስልክ ተደቅኖ ሲያይ የሚያስበው መባረርን ነው። «የምለካው ሥራውን ነው፤ ይህ ቦታ ለአንድ ሰው በዝቶ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ» በያት። ከሆነም ሥራውን ክፈይው፤ አንዷ ታዘጋጅ፣ አንዷ ትግጠም። ወይም ሥራዋ ቀሎ የተቀመጠች ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት ታግዛት።

ከዚያ ልጅቷን አሠልጥኛት። አንቺ አራት ዓመት ኦፕሬተር ስለነበርሽ አንድ ፈተና ይገጥምሻል። እጇ ሲንቀረፈፍ ስታዪ «ተነሺ እስቲ» ብለሽ ማሽኑ ላይ ልትቀመጪ ነው። አትቀመጪ። አንዴ አሳይተሻት ከሆነ ይበቃል። እጅሽን ወደ ኋላ አጣምሪና ቁሚ። «የቱ ጋ ነው የሚያመልጥሽ?» ብለሽ ጠይቂ። ጥጉ ላይ ሲታጠፍ ነው? ጨርቁ ሲንሸራተት? እሷ ራሷ ፈልጋ ታግኘው።

በቅኔ ቤት ያለውን ወግ ታውቂው ይሆናል። ተማሪው የየኔታን ቅኔ ሸምድዶ አይደለም የሚቀርበው። የራሱን ቆጥሮ ያመጣል፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የኔታ ሰምተው ያርማሉ። እሳቸው ቢቀኙለት በአፍታ ያልቅ ነበር፤ ግን እንዲያ ቢሆን አገሩ በሙሉ አንድ ባለቅኔ ብቻ ይኖረው ነበር። ኮሌታም እንደዚያው ነው። አንቺ ስለቻልሽው ብቻ እሷ ቻለችው ማለት አይደለም።

ስትሰፋ ያማረውን ደግሞ ለይተሽ ንገሪያት። «ጎበዝ» ብቻ አትበያት፤ «ጎበዝ» ለውሻም ይባላል። «የግራው ጥግ ዛሬ ልክ ከቀኙ እኩል ገጠመ» በያት። ያኔ እያየሻት መሆኑን ታውቃለች። ደግሞ ለዘለዓለም ኮሌታ ላይ አትቸንክሪያት። እጇ ወርቅ ከሆነ ኦቨርሎክ የሚባለውን የጠርዝ መስፊያ ማሽንም ትልመድ። ጎበዝ ስለሆነች አንድ ቦታ የተቀበረች ልጅ በየፋብሪካው ሞልታለች። ተተኪ የለም ተብሎ እዚያው ታረጃለች።

አሁን ደስ የማይልሽን ልናገር ነው። አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽ ላይንሽ ውስጥ ናት ብለሻል። በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍሽው፤ ልጆቹ ግን የሚያልፉት አይመስለኝም። እነሱ ዘንድ ያለው ስሌት ቀላል ነው። እዚህ የተባለ ሁሉ ማታ ቱሉ ዲምቱ ይደርሳል። ዝምታው ግማሹ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ላም እሳት ወለደች ሆኖብሽ ነው፤ እንዳትልሺው ፈጀሽ፣ እንዳትተዪው ልጅ ሆነብሽ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን አድገናል። ስለ ሹመት ያለን ተረት ይኼ ነው እንግዲህ፤ አያሳፍርም? ደግሞ መብላት ማለት ገንዘብ ብቻ እንዳይመስልሽ። ቀላሏን ማሽን ለጓደኛሽ መስጠት መብላት ነው። ቅዳሜ ኦቨርታይም ለምትወጂያት፣ ፈቃድ ክልከላ ለማትወጂያት፣ ይህም መብላት ነው። አንዴ ካዩሽ በኋላ መቶ ቀን ብትስቂላቸው አይመልሱልሽም። ከጓደኛሽ ጋር ቁጭ በሉና ውል ግቡ፤ የላይን ወሬ ቤት አይገባም። ከተቻለ ደግሞ ወደ ሌላ ላይን እንድትዛወር ጠይቂላት። ካልተቻለ ማሽን ስትደለድዪ ድልድሉን ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ የእሷም ተራ እንደ ሁሉም ይታይ። ትንሽ ትቀየምሽ ይሆናል። ሽሮ አብራችሁ ስትሠሩ ይበርዳል።

ማናጀሩ ጋ ስትሄጂ አታልቅሺ፣ አትከራከሪም። የለካሽውን ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። «ኮሌታ ጋ በሰዓት 60 ብቻ ነው የሚያልፈው፤ አንድ ሰው ከተጨመረልኝ ይህን ያህል ይሆናል» በይው። ሰውዬው ቁጥር ከወደደ ቁጥር ስጪው። «አይፈሩሽም» ላለሽ መልስ መስጠት የለብሽም። ዘጠና ሲወጣ ይረሳዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንካራ ሁኚ። ታርጌት ሲጎድል የሚመጣው «ይቆዩና ይጨርሱ» የሚል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቢው፤ ሱፐርቫይዘር ሆኖ አለማንበብ ነውር ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ኦቨርታይም በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ላይ 1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ከዚያ ወዲያ እስከ ንጋቱ 12 ያለው ደግሞ 1.75 ተባዝቶ። የእያንዳንዷን ሰዓት ራስሽ ደብተር ላይ ያዢ። ወር ሲያልቅ የአንዷ ሰዓት ጎድሎ ከተገኘ ፋይናንስ ቢሮ አብረሻት ሂጂ። ልጆቹ ስለ አንቺ የሚያወሩት ያን ዕለት ይቀየራል፤ አንቺ ስትደርሺ ዝም ቢሉም ቅሉ።

ያሠለጠነችሽን ሴት ሳስብ አንድ ሩጫ ትዝ አለኝ። ነሐሴ 1996፣ አቴንስ፣ 10,000 ሜትር። ኃይሌ እግሩን እያመመው ነበር የተሰለፈው። ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት ሆነው ወደኋላ እየዞሩ ያዩት ነበር። እኛ ሰፈር አንድ ቴሌቪዥን ላይ ሃምሳ ሰው ተኮልኩሎ «ኧረ ሩጡ!» እያለ ይጮሃል፤ እነሱ ይዞራሉ። በኋላ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ሩጫ ላይ ዞሮ ማየት ያስከፍላል፣ እነሱ ግን ዞሩ። አንቺም «ለእሷ ስንል» ስትይ እየዞርሽ ነው።

እንዴት እንደዚያ እንደሆነች አላውቅም ትያለሽ። ጠይቂያት እንጂ ልጄ! ስልኳ የለሽም? ቪዲዮውን ሁሉ አይተሽ እሷ ጋ አለመደወልሽ ገርሞኛል። ግማሽ ኪሎ ቡና ይዘሽ እሁድ ቤቷ ሂጂ። ምን እንዳደረገች አትጠይቂያት፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ያደረጉትን አያውቁትም፣ «ምንም አላደረግሁ» ትልሻለች። «መጀመሪያ ሱፐርቫይዘር ስትሆኚ ያበላሸሽው ምን ነበር?» በያት። ከዚያ ጀበናው ሦስተኛ እስኪደርስ አትነሺም።

ወደ ማሽን ልመለስ ወይ ላልሽው፣ መመለስ ነውር የለውም። ጥሩ ሰፊ ሁሉ ጥሩ አለቃ መሆን አለበት ያለው ማነው? ግን ሁለት ወር አጭር ነው። ሌላ ሦስት ወር ስጪው። በየቀኑ አንዴ ዙሪና «ምን አስቸገረ?» በዪ። መልስ ሳትሰሚ አትሂጂ። የመጀመሪያ ሳምንት «ምንም» ይሉሻል፤ ያኔ «አንድ እንኳ?» ብለሽ ቁሚ። የመጀመሪያዋ ልጅ ደፍራ ስትነግርሽ ደግሞ ፊትሽን ጠብቂው። ሌሎቹ 31ዱ የሚያዩት የእሷን ስህተት ሳይሆን የአንቺን ፊት ነው።

በሳምንት ስንት ልጅ ራሷ መጥታ እንደነገረችሽ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ሦስት ወር ሞልቶ ዜሮ ከሆነ ወደ ማሽንሽ ተመለሺ፤ እኔም አልታዘብሽም። አንድ ከሆነ ጻፊልኝ። የኮሌታዋ ልጅ ከሆነች ደግሞ ደውይልኝ።